ብቻችንን ልጅ ለምናሳድግ የሚሰጠው የምግብ ዝግጅት ስልጠና (ባህር ዳር)
ብቻችሁን ልጅ እያሳደጋችሁ ወደ ስራ መመለስ ለምትፈልጉ እህቶች (አባቶችም አሉ እኮ፣ እኛ ክፍል አንድ ነበረ) ይሄን ስልጠና ከልቤ እመክራለሁ። ቲዎሪው አጭር ነው ብዙው ኪችን ውስጥ ነው፣ ቀረሶና አምባዛ የሚባሉትን ዓሳዎች ከማጽዳት ጀምሮ እጅሽን ይዘው ነው የሚያሳዩሽ፣ ከዛ ሀይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች ለአፓረንትሺፕ (ለስራ ላይ ልምምድ) ይመድቡሻል።

በጣም የወደድኩት ግን የህጻናት ማቆያው እዛው ግቢ መሆኑን ነው፣ ልጅ ለጎረቤት ጥሎ መማር እንዴት ሀሳብ እንደሚከፋፍል የደረሰበት ያውቀዋል፣ እኔ እስከመጨረሻው የዘለቅኩት ልጄ አጠገቤ ስለነበረች ነው።

ያልተመቸኝ የሆቴሉ ሺፍት ነው። ማታ ስትወጪ ማቆያው ተዘግቷል፣ ባጃጁም ውድ ነው፣ ማዕከሉ ከሆቴሎቹ ጋር ተነጋግሮ እናቶችን ጠዋት ቢያስመድብ ስንቷ ባላቋረጠች ነበር!

ሲኦሲውን (የሙያ ብቃት ምዘናውን) ሳትፈተኚ እንዳትቀሪ። ስትቀጠሪ ደግሞ የጽሁፍ ውል ጠይቂ፣ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የስራ ቀን አይበልጥም፣ "ገና ሙከራ ላይ ነሽ" እያሉ ወራት የሚያስቆጥሩ አሉ። ለምዝገባ ስትሄጂ የልጅሽን የክትባት ካርድ ያዢ፣ ማቆያው ይጠይቃል።