ከመስቀል በኋላ ወደ ሜዲትራንያን፦ ኒስ ወይስ አንታሊያ?

የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ተከፍተው ቤተሰቦች ወደየቤታቸው ሲመለሱ፣ በእኛ አቆጣጠር ከመስቀል ማግስት እስከ ጥቅምት መገባደጃ ባለው ጊዜ፣ የሜዲትራንያን መዝናኛ ከተሞች ከግርግር ይገላገላሉ። በአውሮፓ ለሚኖር አንባቢ የፈረንሳይዋ ኒስና የቱርኳ አንታሊያ በዚህ ወቅት ጥሩ አማራጮች ናቸው፤ ሆኖም ለገንዘባችን የሚሰጡን ነገር የተለያየ ነው።

ለመዋኘት የሚሄድ ሰው ብዙ ማማረጥ አያሻውም፤ አንታሊያ ትበልጣለች። በኦክቶበር የባሕሩ ሙቀት እዚያ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን በኒስ ወደ 20 ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም፣ ከልጆች ጋር ለሚሄድ ሰው ውኃ ውስጥ ረጅም ሰዓት በመጫወትና ወዲያው እየተንቀጠቀጡ በመውጣት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ዝናቡም ቢሆን በኒስ የሚበረታው በኦክቶበርና በኖቬምበር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ኦክቶበር 3 የጣለው ዶፍ በኒስና በካን አካባቢ ባስከተለው ጎርፍ 20 ሰዎች ሞተዋል። አንታሊያ ላይ ግን ዋናው ዝናብ የሚመጣው ዘግይቶ፣ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ነው። የኒስ ዳርቻ አሸዋ ሳይሆን ድቡልቡል ጠጠር ስለሆነ በባዶ እግር መራመድ ያሠቃያል፤ የአንታሊያው ኮኒያአልትም እንዲሁ ጠጠር ነው። አሸዋ የሚፈልግ ሰው፣ በተለይ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ወላጆች ይዞ የሚሄድ፣ ላራ የተባለውን የአንታሊያ ዳርቻ ይምረጥ።

ባሕሩ ሁለተኛ ጉዳይ ለሆነበት ሰው ግን ሚዛኑ ወደ ኒስ ያጋድላል። ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚነሣው ትራም መሐል ከተማውን አቋርጦ ወደቡ ድረስ ይወስዳል፤ የኩር ሳሌያ ገበያ ከሰኞ በቀር በየማለዳው አበባና አትክልት ይሸጥበታል፤ ሞናኮና አንቲብ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይፈጁም። ከተማዋ በቱሪስት ብቻ ስለማትኖር ወቅቱ ሲያልፍ በሯን አትዘጋም። አንታሊያም የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን እ.ኤ.አ. በ130 ሲጎበኛት የተሠራው በርና የአሮጌው ከተማዋ የካሌይቺ ጠባብ መንገዶች አሏት፤ ችግሩ ሲዴ በተባለችው የአካባቢው የመዝናኛ ከተማ ያረፈ ሰው ከዚያ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ መራቁ ነው። ብዙ እንግዶች ሳምንቱን ሙሉ ከሆቴሉ ግቢ ሳይወጡ የሚመለሱትም ለዚህ ይመስለኛል።

ዋጋን በተመለከተ፣ የአንታሊያ ሆቴሎች ምግብና መጠጥ ያካተተ ጥቅል ስለሚሸጡ ቤተሰብ ወጪውን አስቀድሞ ያውቀዋል። ኒስ ላይ ግን ከቁርስ በኋላ ያለው ሁሉ ለየብቻ ይከፈላል፤ በባሕሩ ዳር የግል መዝናኛዎች ውስጥ የሚከራየው የፀሐይ አልጋ እንኳ ሳይቀር። ቅናሹ ግን ከሁለቱም የሚሸሽበት ሳምንት አለ፦ በሴፕቴምበር መጨረሻ የሚካሄደው የሞናኮ የመርከብ ትርኢት የአካባቢውን አልጋ ያስወድዳል፤ በኦክቶበር ደግሞ የጀርመን ትምህርት ቤቶች የበልግ ዕረፍት የአንታሊያን ዋጋ መልሶ ይሰቅለዋል።

ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሁለቱም አያስቸግሩም። የቱርክ ቡፌ በወይራ ዘይት የተሠራ ቀዝቃዛ አትክልት አያጣም፤ የኒስ ሶካ ደግሞ የሽምብራ ዱቄት በውኃና በወይራ ዘይት ተበጥብጦ በእሳት ምድጃ የሚጋገር፣ ጠርዙ እስኪጠቁር የሚጠበስ ስስ ቂጣ ነው፤ ሚጥሚጣ ቢነሰነስበት አይከፋም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃዱ ኒስ መግባት ይችላል፤ ቱርክ ግን ከሸንገን ውጭ ስለሆነች የራሷን የቪዛ መመሪያ ከቲኬቱ በፊት ማጣራት ያስፈልጋል። ጉዞውን ወደ ኖቬምበር የሚያሸጋግር ደግሞ በሲዴና በሌላዋ የአንታሊያ አካባቢ የመዝናኛ ከተማ በኬመር ብዙ ሆቴሎች ስለሚዘጉ፣ የመረጠው ሆቴል እስከ መቼ እንደሚሠራና ከቤት ውጭ ያለው የመዋኛ ገንዳ መሞቁን ገንዘብ ሳይከፍል ይጠይቅ።