ፒ ኤንድ አይ ዲ ላስነበቡኝ ጋሼ ምስጋና፣ ጎንደር ላላችሁ የጥገና ልጆች ደግሞ ጥቆማ

ስማቸውን እንዳላወጣ ስለለመኑኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን በፋብሪካ ኢንስትሩመንት ጥገና የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አዘዞ ቤታቸው በረንዳ ላይ፣ ፒ ኤንድ አይ ዲ፣ ማለትም የፋብሪካ የቧንቧና የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎች ስዕል፣ ማንበብ ያስተምራሉ።

እኔን እሳቸው ዘንድ ያደረሰኝ አንድ የሌሊት ፈረቃ ነው። የማጠቢያ ውሃውን በእንፋሎት የሚያሞቀው ሂት ኤክስቼንጀር አልሞቅ አለ። ስክሪኑ ላይ የእንፋሎቱ ቫልቭ መቶ በመቶ እንዲከፈት ታዟል፣ ውሃው ግን በረዶ ነው። ቫልቩ ተበላሽቷል ብዬ ፈረድኩ። እንፋሎቱን ዘግተን፣ እስኪበርድ ጠብቀን፣ ከረዳቴ ጋር ፈትተን አወረድነው፤ ቢታይ ቢታይ ምንም የለበትም። መልሰን ስንገጥመው ነጋ። የጠዋቱ ፈረቃ ገብቶ አንዲት የአየር መዝጊያ ከፈተና አስነሳው። ያን ቀን ያፈርኩት እፍረት!

እሁድ ስዕሉን ጠቅልዬ ሄድኩ። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ጋሼ ስኒዎቹን ወደ ዳር ገፋ አድርገው ወረቀቱን ዘረጉና፣ “አንተ ልጅ፣ ቫልቩ ላይ የምትወርደውን ቀጭን መስመር አይተሃታል?” አሉኝ። በየመሀሏ ጥንድ ጥንድ አጫጭር ሰረዝ አለባት።

“የኤሌክትሪክ መስላኝ ነው ጋሼ።”

“የኤሌክትሪኩማ ቁርጥርጥ መስመር ነው። ይቺ አየር ናት።”

ከቫልቩ ስር ደግሞ ኤፍ ሲ የሚል ተጽፏል፤ አየር ሲጠፋ ይዘጋል ማለት ነው። ለካ ቫልቩን የሚከፍተው የታመቀ አየር ነው፤ ከሰዓት በኋላ አየሩን የሚያምቀው ኮምፕረሰር ሲጠገን የተዘጋውን አየር መልሶ የከፈተው ሰው የለም። ስክሪኑ ቢያዝ ቢያዝ ቫልቩ በምን ጉልበት ይከፈት?

አስተማማራቸው ለየት ይላል። ምልክት አያስሸመድዱም። በቢጫ ማርከር ከታንከሩ ተነስቶ ውሃው የሚሄድበትን መንገድ እስከ መጨረሻው ያስቀልማሉ፤ መሣሪያዎቹን የሚወክሉት ክቦች ጋ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የስዕል ምልክቶቹን በሚወስነው በአይ ኤስ ኤ 5.1 ደረጃ ክቡ ባዶ ከሆነ መሣሪያው እዚያው ቧንቧው ጋ ነው፣ መሀሉን አንድ ድፍን መስመር ካቋረጠው መቆጣጠሪያ ክፍል ነው። ፊደሎቹን ያስረዱኝ በስም ነው፦ ቲ ቲ 101፣ ቲ አይ ሲ 101፣ ቲ ቪ 101። የመጀመሪያዋ ቲ ሙቀት ናት። አንዱ ለክቶ ይልካል፣ ሁለተኛው እያሳየ ይቆጣጠራል፣ ሦስተኛው ቫልቩ ራሱ ነው። “101 የአባታቸው ስም ነው፣ ወንድማማች ናቸው፤ አንዱ ሲታመም ሌሎቹንም ጠይቅ” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ፒ ለግፊት፣ ኤፍ ለፍሰት፣ ኤል ለፈሳሽ ከፍታ መሆኑ ከአእምሮዬ ጠፍቶ አያውቅም።

የቤት ሥራቸው ግን እግር ያደክማል። ስዕሉን ይዘህ ቧንቧውን ተከትለህ ትሄዳለህ። ስዕሉ በልክ የተሳለ አይደለምና ወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፓምፖች አንዱ ምድር ቤት፣ አንዱ ፎቅ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። እኔ ስዞር ስዕሉ ላይ የሌለ ባይፓስ (የጎን ማሳለፊያ) ቫልቭ አገኘሁና በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጌ ለአለቃዬ ሰጠሁ።

እንከን አይጠፋምና፣ የቧንቧ ቁጥር ላይ ሲደርሱ ይሮጣሉ፤ መጠኑን፣ የፈሳሹን ዓይነትና የማቴሪያሉን ደረጃ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚሉት። አስቁሟቸው፣ አይቆጡም። የሚቆጡት ለዘገየ ሰው ነው። ከተማሪ ገንዘብ አይቀበሉም፤ እኛ ደመወዝተኞቹ ግን እንከፍላለን፣ ሲያንስ ነው።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስዕሉን ከፋብሪካችሁ አስፈቅዳችሁ ውሰዱ፤ ፒያሳ ወጥታችሁም ቢሆን በኤ3 አሳትሙት። በኤ4 ይዞ የሄደውን ጓደኛዬን መነጽራቸውን አውልቀው፣ “ይኼንን ሂድና ለጉንዳን አስነብበው” ብለው መልሰውታል።