የ«ላውድነስ» ቁልፍ ያደመቀውን ድምፅ ሰምታችሁ አምፕሊፋየር አትግዙ

ለቤት የሚሆን አምፕሊፋየር ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ሻጩ ሁለት ዕቃ ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያሰማችሁ ከቮልዩሙ አጠገብ ያለችውን «ላውድነስ» የምትል፣ ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) የምታነሳ ትንሽ ቁልፍ አስቀድማችሁ ተመልከቱ። እኔ ባየሁት አንድ ሽያጭ የውዱ አምፕሊፋየር ቁልፍ ተጭኖ የርካሹ ግን ሳይጫን፣ ሁለቱም በዝቅተኛ ድምፅ ይሰሙ ነበር፤ ገዢውም የውዱ ቤዝ ሞላ ብሎ ስለተሰማው የዋጋውን ልዩነት ከፍሎ ሄደ። ያንን ቤዝ ግን ርካሹም ቁልፉ ቢጫን ኖሮ ይሰጠው ነበር።

ቁልፉ በራሱ ማታለያ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ከሌላው ይበልጥ የሚያጣው ወፍራሙን ድምፅ ነው። ዛሬ በሚሠራበት አይኤስኦ 226 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት፣ ወፍራሙ የ50 ሄርትዝ ድምፅ ከእሱ ቀጠን ያለውን የ1,000 ሄርትዝ ድምፅ 40 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ጎልቶ እንዲሰማ ወደ 78 ዴሲቤል መድረስ አለበት፤ ጠቅላላው ድምፅ ከፍ ሲል ይህ ክፍተት ይጠባል። ስለዚህ በደንብ የተሠራ ላውድነስ ቮልዩሙ ዝቅ ሲል ቤዙን፣ ብዙ ጊዜም ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) በጥቂቱ ያነሳና ቮልዩሙ ሲጨምር እየተወው ይሄዳል።

ችግሩ መሣሪያው የሚያውቀው የቮልዩሙን አቀማመጥ እንጂ ክፍላችሁ ውስጥ ያለውን የድምፅ መጠን አለመሆኑ ነው። በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት 84 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከርና 94 የሚሰጥ ስፒከር በአንድ የቮልዩም ቦታ ላይ 10 ዴሲቤል ስለሚለያዩ፣ በሱቁ ስፒከር የተመጣጠነው ቤዝ በእናንተ ስፒከር ሊያንስ ወይም ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ያማሃ በበርካታ ሞዴሎቹ ላይ ላውድነሱን ለብቻው የሚዞር መቆጣጠሪያ ማድረጉ ለዚህ ጥሩ መላ ነው።

የባሰው ግን ስሙን ብቻ ይዞ፣ ቮልዩሙ የትም ቢሆን ቤዙን በእኩል መጠን የሚያነሳው ዓይነት ነው። ይህን ለመለየት መጀመሪያ በዝቅተኛ ድምፅ ቁልፉን አብሩና አጥፉ፤ ከዚያ ቮልዩሙን ከግማሽ በላይ አድርሳችሁ ድገሙት። ልዩነቱ እዚያም ካልቀነሰ ያው ተራ የቤዝ መጨመሪያ ነው። ቤዝ በ10 ዴሲቤል ሲነሳ አምፕሊፋየሩ ለዚያ ቤዝ 10 እጥፍ ኃይል ይጠየቃል፤ 5 ዋት ይበቃው የነበረው 50 ይፈልጋል ማለት ነው። አቅሙ ካልቻለ የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል፣ ይህም ሲደጋገም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትዊተር ሊያቃጥል ይችላል።

ስለዚህ ሁለቱንም ዕቃዎች ላውድነሳቸውን አስጠፍታችሁ፣ በአንድ ስፒከርና በእኩል የድምፅ መጠን አወዳድሩ፤ ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና መጠኑ ላይ አትቸኩሉ። ሻጩ ይህን እምቢ ካለ ግዢውን ተዉት፤ ከተስማማ ደግሞ ቤት ወስዳችሁ በራሳችሁ ስፒከር ሞክራችሁ የመመለስ መብታችሁን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።