ከአዲስ አበባ የመጣው ማኪያቶ ደሴ ላይ፦ ጠዋት ደህና፣ ከሰዓት በኋላ መፍጫው ይረሳል

ደሴ ለማሽን ቡና እንግዳ አይደለችም። ፒያሳ የሚባል ሰፈር ያላት ከተማ ማኪያቶ ምን እንደሆነ ከማንም አትማርም። አዲሱ ነገር በአንድ ስም፣ በአንድ ዓይነት ስኒ፣ በአንድ የዋጋ ዝርዝር የሚሠራ ትልቅ የአዲስ አበባ ካፌ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚህ ቅርንጫፍ መክፈቱ ነው። ስም አንጠራም፤ የምንለው ነገር በዚህ መንገድ የሚመጣን ቤት ሁሉ ይመለከታልና።

የደሴው ቅርንጫፍ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ድረስ የሚያወጣው ቡና በከተማዋ ከሚጠጣው ጥሩ የማሽን ቡና አያንስም። ከ8 ሰዓት በኋላ ግን ማሽኑ ያው፣ ቡናው ያው፣ ወተቱም ያው ሆኖ ሳለ ስኒው ይለያል። ቀጠን ይላል፣ አፍ ውስጥ ሳይቆይ ይጠፋል፣ መጨረሻው ላይ ይኮመጥጣል። ክሬማው (ቡናው ላይ የሚንሳፈፈው አረፋ) ለአንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ጠርዝ ጠርዙን ይሰነጠቃል።

ይህን ቅሬታ ስታነሱ የምትሰሙት መልስ «ከፍታው ነው» የሚል ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ስለዚህ ማሽኑ አይሞቅም ይባላል። አዲስ አበባም እኮ 2,350 ሜትር ገደማ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው የመፍያ ልዩነት ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ በትክክል የተስተካከለ ማሽን ደሴ ላይ ያለ ምንም ለውጥ መሥራት አለበት።

ከፍታው እውነተኛ ሥራ የሚፈጥረው ማሽኑ ከጣሊያን ፋብሪካ በወጣበት ልክ ሲተው ነው። ብዙዎቹ ባለ አንድ ቦይለር (የውሃ ማሞቂያ ጋን) ማሽኖች የእንፋሎታቸው ግፊት 1.1 ባር ገደማ ሆኖ ይመጣሉ፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ይህ ማለት ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ 122 ዲግሪ ያህል ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ስለሆነ ጌጁ (የግፊት ማሳያው) ያው 1.1 ቢያሳይም ውሃው 118 ዲግሪ ነው የሚሆነው። ቴክኒሻኑ ግፊቱን ወደ 1.3 ከፍ ካደረገው ነገሩ አለቀ፤ በመፍቻ የሚሠራ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የራሱ የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው ዘመናዊ ማሽን ደግሞ በ93 ወይም በ94 ዲግሪ ሲስተካከል፣ የቡናው ዱቄት የሚሞላበት እጀታ ሳይገባ ውሃ ሲለቀቅ ይተፋል፣ ይጨሳል። ይህን አይተው «በዝቷል» ብለው ሙቀቱን የሚቀንሱ አሉ። ስህተት ነው። እጀታው ሲገባ ውሃው በ9 ባር ስለሚታፈን አይፈላም። ሙቀቱን ወደ 89 ካወረዱት በኋላ ግን ቡናው በእርግጥም ይኮመጥጣል።

ዋናው ጥፋት ያለው መፍጫው ላይ ነው። የቤቱ ልክ 18 ግራም ዱቄት ገብቶ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ 36 ግራም ገደማ ቡና እንዲወጣ ነው፤ ይህ ለሁለት ማኪያቶ ይከፈላል። ልኩ ጥሩ ነው። ችግሩ የመፍጫው ጥርስ ጠዋት አንዴ ተስተካክሎ ቀኑን ሙሉ መተዉ ነው። ደሴ ጠዋት ጉም የሚወርድባት ከተማ ናት። ዱቄቱ እርጥበት ይስባል፣ ውሃውን ይይዛል፣ ቡናው ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ አየሩ ይደርቃል፣ መፍጫው አናት ላይ የተሞላው ቡና ከጠዋት ጀምሮ ስለቆየ ጋዙን ያጣል፣ ጥርሱም ይሞቃል። በ27 ሰከንድ ይወርድ የነበረው በ18 ይወርዳል። መፍትሔው ጥርሱን ወደ ደቃቁ በትንሹ ማጠጋት፣ አንድ ሁለት ሾት (ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚያወርደው ቡና) አውጥቶ መድፋት፣ እንደገና መቁጠር ነው። የሚደፋው ቡና ግን በሂሳብ ይያዛል። አዲስ አበባ ያለ ሥራ አስኪያጅ የቀኑን የዱቄት ወጪ ከሽያጩ ጋር በሚያመሳክርበት ቤት ባሪስታው ሁለት ሾት ከሚደፋ ቀጭን ቡና ቢያቀርብ ይመርጣል። ልጆቹ ሥራውን አያውቁም ማለት አይደለም፤ ጠዋት ላይ እጃቸውን አይቶ መመስከር ይቻላል።

ደንበኛ ይህን ባንኮኒው ጋ ቆሞ ማየት ይችላል። ባሪስታው ቁልፉን ከተጫነ ጀምሮ ቁጠሩ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ መታየት አለባት፣ መውረዱም የማር ያህል ወፍራም መሆን አለበት። በ2 ሰከንድ እንደ ቧንቧ ከለቀቀው፣ ኤስፕሬሶውን ትታችሁ ወተት በዛ ያለ ማኪያቶ እዘዙ፣ ወይም ሻይ ጠጡ። ሌላው ምልክት የመፍጫው አናት ላይ ያለው ግልጽ ፕላስቲክ ነው። ቡናማ ቅባት ከለበሰ በሳምንት አንዴ እንኳ አይታጠብም ማለት ነው። የቤቱ ቡና ጠቆር ብሎ የሚቆላ ስለሆነ ቅባቱ ቶሎ ይወጣል፣ ቶሎም ይበላሻል።

መብራት። ሲጠፋ ጄኔሬተሩ አምፖሉንና ካሽ ሬጅስተሩን እንጂ ማሽኑን አይሸከምም፤ ይህ የብዙ ቤት ችግር ነው። የከፋው ግን መብራቱ ሲመለስ ያለው ግማሽ ሰዓት ነው። ቀዝቅዞ የቆየ ባለ ሁለት ግሩፕ (የቡና ማውረጃ አፍ) ማሽን ብረቱ ድረስ ለመሞቅ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ጌጁ ላይ ያለው መርፌ ግን በ12 ደቂቃ ቦታው ይደርሳል። መርፌውን አይቶ የሚሸጥ ቤት ኮምጣጣ ቡና ይሸጣል። ቮልቴጁ ሲወርድም እንዲሁ ነው፤ በ220 ቮልት 3 ኪሎ ዋት የሚስብ ማሞቂያ በ190 ቮልት 2.2 ገደማ ብቻ ይስባል፣ ማለትም ከጉልበቱ ሩቡን ያጣል። ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ቤቱ ሲሞላ እንፋሎቱ የሚደክመው ለዚህ ነው። ስኒዎቹም ማሽኑ አናት ላይ ካልተደረደሩ በደሴ ብርድ ከመደርደሪያ የወጣ የሸክላ ስኒ ከኤስፕሬሶ ላይ ከአሥር ዲግሪ በላይ ይነጥቃል። ጠዋት ይደረድራሉ። ማታ ይረሳሉ።

ወተቱ ላይ ቆም እንበል። የአካባቢው ወተት ጥሩ ነው፤ የሐበሻ ላም ወተት ቅባቱ ከፈረንጅ ላም ይበልጣል። በእንፋሎት ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሲደርስ ይጣፍጣል፤ ከ70 ካለፈ ጣፋጭነቱ ይጠፋና የተቃጠለ ሽታ ያመጣል። የቤቱ ደንብ 65 ላይ አቁም ይላል፣ ትክክል ነው። ግን ደንቡ የተጻፈው በፋብሪካ ፓስቸራይዝድ ሆኖ በከረጢት ለሚመጣ ወተት ነው። ከገበሬ በጀሪካን ለሚመጣ ጥሬ ወተት 65 ዲግሪ ለጥቂት ሰከንድ ማለት ጥሬ ማለት ነው። ጀርሞቹን ለመግደል ወይ 63 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ፣ ወይ 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሰከንድ መቆየት አለበት። የድሮው የደሴ ካፌ ወተቱን በትልቅ ድስት አፍልቶ ምድጃ ዳር ያቆየው ስለነበር አረፋው ባያምርም ሆድ አያምም ነበር። የአዲሱ ቤት ትክክለኛ ሥራ ጥሬውን ጠዋት አፍልቶ (በ92 ዲግሪ መፍላቱ ከበቂ በላይ ነው)፣ ቶሎ አቀዝቅዞ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ4 ዲግሪ በታች አስቀምጦ፣ ከዚያ በእንፋሎት ማሞቅ ነው። «ወተቱ ፈልቶ ነው የመጣው ወይስ ጥሬ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሕፃን ይዛችሁ ከሆነማ ግዴታ ነው። ጆጉ ውስጥ የተረፈውን ደጋግመው የሚያሞቁ ከሆነ ደግሞ በአረፋው ይታወቃል። ትልልቅ ዓይን ያለው፣ የሳሙና የሚመስል ይሆናል።

ጾም ላይ ቤቱ ግማሹን ተምሯል። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም 55 ቀን ሙሉ፣ የሶያ ማኪያቶ አለ፣ ስፕሪስም አለ። የሶያ ወተት በኮምጣጣ ቡናና በሙቀት ይቆራረጣል። ከ60 ዲግሪ ባያልፍ፣ ቡናው ቀድሞ ጥቂት ቢበርድ፣ ሶያውም በቀጭኑ እየተንጠባጠበ ቢገባ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ባለው ኮምጣጣ ሾት ሲሠራ እንደ አይብ የሚሰባበረው ለዚህ ነው። ያልተማሩት ግማሽ የእንፋሎት ቧንቧው ነው። ለፍስክ ማኪያቶ የገባው ቧንቧ በዚያው ጨርቅ ተጠርጎ ሶያው ውስጥ ይገባል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ የሚታየው ከወተት ነው። ለጾመኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዱን ቧንቧ፣ አንድ ጆግና አንድ ጨርቅ ለጾም ብቻ መለየት ምንም ወጪ የለውም፤ ማሽኑ ሁለት ቧንቧ አለው።

ረመዳን ላይ ግን ጭራሽ አልተማሩም። የመዝጊያው ሰዓት ከአዲስ አበባው ጋር አንድ ነው፣ ከምሽቱ 2:30። ደሴ ላይ በረመዳን ሰው የሚወጣው ከተራዊህ ሶላት በኋላ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ነው። ቀኑን ሙሉ ባዶ ወንበር ሲጠብቁ ውለው ሰው በሚመጣበት ሰዓት በር መዝጋት ምን ዓይነት ንግድ ነው? የጎረቤት ትንንሽ ቤቶች ደስ ብሏቸዋል።

በር ላይ ያለው የጀበና ቡና ለጌጥ ነው። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ስኒው የሚቀዳው ግን ከፔርሙስ ነው። ወሎ ውስጥ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይባል ቡና ጠጣሁ የሚል ሰው የለም፤ እዚህ አንድ ስኒ ተከፍሎ አንድ ስኒ ይጠጣል። እለፉት። ጠረጴዛዎቹም ለሁለት ሰው የተሠሩ ናቸው፤ አምስት ሆናችሁ ከመጣችሁ ወንበር መጎተት አለ፣ አስተናጋጇም ፊቷን ታጠቁራለች። ኬኩ ቀዝቃዛና ጣፋጭነቱ የበዛ ነው፣ ከእርሱ ይልቅ ዳቦ ቢያቀርቡ ይሻላል።

የአንድ ማኪያቶ ዋጋ መንገድ ዳር አራት ስኒ የጀበና ቡና ያጠጣል። ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው 15 በመቶ ቫት የተጨመረበት መሆኑን ደረሰኙ ላይ አረጋግጡ። ክፍያው በቴሌብርም ይሆናል። የተቆላ ቡና በከረጢት ከገዛችሁ ያልተፈጨውን ውሰዱ፣ የተቆላበትን ቀንም እዩ። ቀኑ አንዳንዴ በእኛ አቆጣጠር፣ አንዳንዴ በፈረንጆች ይታተማልና መጀመሪያ ዓመቱን ተመልከቱ፤ ዓመቱ የእኛ ከሆነ 05 ማለት ጥር ነው፣ ግንቦት መስሏችሁ አትሸወዱ። ለማሽን ከተቆላ ከ5 ቀን በኋላ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ጥሩ ነው። ለቤት ጀበና ግን አንመክረውም፤ በጣም የጠቆረ ስለሆነ ሦስተኛው ላይ ከምሬት በቀር የሚቀር ነገር የለውም።

የኮምቦልቻው ቅርንጫፍ፣ ለሚገርመው፣ ይሻላል። ቤቷ ትንሽ ናት፣ ሠራተኞቹም ጥቂት ናቸው። እዚያ መፍጫው በቀን ሦስት ጊዜ ይነካል። ምክንያቱ ተራ ነው፤ ከኢንዱስትሪ ፓርኩና ከደረቅ ወደቡ የሚመጣው ደንበኛ ጠዋት፣ ምሳ ሰዓትና ማታ በአንድ ጊዜ ይጎርፍና ይሄዳል፤ በመካከሉ ባሪስታው ጊዜ አለው። መፍጫው አናት ላይም የሚሞሉት ለአንዱ ጎርፍ የሚበቃውን ብቻ ነው። ሙቀት ስላለ በረዶ ያለበት ቡና ይፈለጋል፤ የሚሠሩትም በደንብ ነው፣ ሾቱን በረዶው ላይ በቀጥታ ያወርዱታል እንጂ ቀዝቅዞ የቆየ ቡና አያፈሱበትም። በረዶው ከምን ውሃ እንደሚሠራ ግን ጠይቁ፣ ከተጣራ ካልሆነ በትኩሱ ቆዩ። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ውሃ የማሽን ቦይለር ውስጥም ይሠራል። እዚያ ባንኮኒው ሥር የውሃ ማጣሪያ ተገጥሟል፣ ካርትሪጁ ላይ የተቀየረበት ቀን ተጽፏል። ደሴ ላይ ማጣሪያው አለ፣ ቀኑ የለም።

ከኮምቦልቻ በወረቀት ኩባያ ይዛችሁ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎ ዳገት ለመውጣት ካሰባችሁ ማኪያቶ አትውሰዱ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ከከባድ መኪና ኋላ ከተያዛችሁ ግን ሰዓት ይቀርበዋል፣ አረፋው ደሴ ሳይደርስ ወርዶ ይጠብቃችኋል። ጥቁር ቡና በሁለት ኩባያ ተደራርቦ፣ ከጠርዙ ሁለት ጣት ጎድሎ እንዲቀዳላችሁ ንገሯቸው። ሞልተው ከሰጧችሁ የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ በክዳኑ ቀዳዳ ወጥቶ ሱሪያችሁ ላይ ነው የሚያርፈው።