አይላንድ ፒክ ይሻላል ወይስ ሜራ?

ኔፓል ሄዶ የእግር ጉዞው ብቻ ለማይበቃው፣ አንድ የበረዶ ጫፍም መርገጥ ለሚያምረው ሰው፣ አስጎብኚዎች ቶሎ የሚጠሩት እነዚህን ሁለቱን ነው። ሁለቱም «ለጀማሪ» ይባላሉ። ቃሉ ግን አያታላችሁ። የእኛው ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ነው። አይላንድ ፒክ 6,189 ይደርሳል፤ ሜራ ደግሞ ከ6,400 ያልፋል።

ቁመቱን ብቻ አይቶ ሜራ ይከብዳል ማለት ስህተት ነው። እዚያ ዋናው ፈተና የአየሩ መሳሳት ነው። መንገዱ ሰፊ፣ ዘንበል ያለ በረዶ ነው። ጫማ ላይ የብረት ጥርስ አስሮ፣ ከጓደኛ ጋር በገመድ ተያይዞ፣ ለሰዓታት ቀስ እያሉ መራመድ ነው። ቀጥ የሚለው መጨረሻ ላይ ያለችው አጭር አቀበት ናት።

አይላንድ ፒክ ሌላ ነው። ጫፉ ስር የበረዶ ግድግዳ ቆሞ ይጠብቃችኋል። በተዘረጋው ገመድ ላይ ጁማር (ወደ ላይ ብቻ የሚንሸራተት የገመድ መያዣ) እየገፉ መውጣት አለ፤ በገመድ መውረድም አለ። የበረዶውን ስንጥቆች አንዳንዴ በመሰላል መሻገር ነው። ከፍታ የሚፈራ ሰው «ምን አመጣኝ?» የሚለው እዚህ ጋ ነው።

የአይላንድ ፒክ ጥቅሙ ከኤቨረስት ቤዝ ካምፕ (ኤቨረስት ስር ካለው የተራራ ወጪዎች ሰፈር) ጉዞ ጋር መጣመሩ ነው። እስከዚያ ሰውነት ከፍታውን ይለምዳል። ሜራ የሚገኘው ጸጥ ባለው የሂንኩ ሸለቆ በኩል ነው።

ወደ እይታው ስንመጣ፣ ከሜራ ጫፍ ሰማዩ ከጠራ ከ8,000 ሜትር በላይ የሆኑ አምስት ተራሮች ይታያሉ። አይላንድ ፒክ ላይ ግን ሎትሴ የሚባለው ተራራ ተገትሮ ኤቨረስትን ይጋርዳል። ያን ሁሉ ለፍቶ! እኔ ብሆን ሜራን።