ነጭ ቦሎቄ ከባሕር ዳር ገበያ፦ ምግብ ለሚጀምር ሕፃን

6 ወር ሞልቶት በእጁ ይዞ መብላት ለሚለማመድ ሕፃን፣ ገበያ ላይ በኪሎ ከሚሸጠው ጥራጥሬ ሁሉ ነጭ ቦሎቄን እናስቀድማለን። ሽምብራም ደግ ነው፤ ግን ልጣጩን መግፈፍ ጊዜ ይፈጃል። ቦሎቄ በደንብ ከበሰለ በሹካ ብቻ ይልማል።

ጉድለቱ የከረመውና አዲሱ በአንድ ጆንያ መደባለቁ ነው። ግማሹ ሲፈርስ ግማሹ ልቡ ጠጥሮ ይቀራል። ስለዚህ ዘግነው ይዩት፤ የተጨማደደ ወይም ነቀዝ የበሳው ከበዛ ይለፉት።

250 ግራም ለቅመው ለ12 ሰዓት ያህል ይዘፍዝፉና ውኃውን ይድፉ። በአዲስ ውኃ መጀመሪያ 10 ደቂቃ በኃይል ይንተክተክ፤ በደንብ ያልበሰለ ቦሎቄ ሆድ ያውካል። ከዚያ እስኪፈርስ ይቀቀል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ አይቸኩሉ። ጨው አይግባ፣ በርበሬም።

1 ኩባያ የላመ ቦሎቄ፣ ግማሽ ኩባያ የተቀቀለ ስኳር ድንችና 2 የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት ያዋህዱ። የአዋቂ ጣት አስመስለው ድብልብል ያድርጉና ዘይት በተቀባ መጥበሻ፣ በመለስተኛ እሳት፣ በየጎኑ 3 ደቂቃ ያብስሉ። ከተፈረካከሰ ጥፋቱ ስኳር ድንቹ ውኃ መያዙ ነው፤ አጥልለው እሳት ላይ ያትንኑት። ዱቄት መጨመር ያደርቀዋል፣ ጉሮሮም ላይ ይይዛል።

በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል በቀላሉ ካልተጨፈለቀ አይስጡ። ድፍን ፍሬ ፈጽሞ አይቅረብለት፣ ያንቃል። አጠገቡ የበሰለ ቲማቲም ቢኖር የቦሎቄው ብረት ለሰውነቱ ይበልጥ ይደርሳል።