ከቪትዜ ውስጥ ፉጨቱን ያስወጣልኝ ልጅ ይባረክልኝ

ይሄን የምጽፈው መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሬዲዮው ክፍት ነው። ነገ ጠዋት ባትሪው ይሞትብኛል ብዬ አልሰጋም። ለእናንተ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። እኔን ግን አምስት ወር አቃጥሎኛል።

መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ የ2003 ሞዴል፣ ከጃፓን የመጣች። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለችኝን አባብዬ መያዝ ነው እንጂ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? ኤሌክትሪኩን በምን አቅሜ! ችግሩ አብሯት የመጣው ሬዲዮ ነው። ለጃፓን የተሠራ ስለሆነ ከ76 ይጀምርና 90 ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ይመለሳል። ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1። አንዳቸውም አይገቡም። ስፒከሮቹም ወረቀታቸው ደርቆ ድርቆሽ መስሏል። ከአያት ሜክሲኮ ጠዋትና ማታ ያለ ሬዲዮ ነድታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ያብዳል።

ደግሞ አባዬ አለ። እሁድ ቤተክርስቲያን፣ ወር በገባ ቁጥር ደግሞ ለስኳሩ ክትትል እወስደዋለሁ። ጆሮው ደክሟል። ስልኬ ላይ ዜና ስከፍትለት መንገዱን ሙሉ "ጨምሪው! ምን አለ?" ነው።

እና ገንዘብ አጠራቅሜ አንድ ሱቅ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። መብራቱ የሚያብረቀርቅ፣ ሶፋ ያለው፣ ውሃ የሚጋብዝ ሱቅ ነው። "ኦርጅናል ነው እህቴ፣ ገና ትመርቂናለሽ" ብለው አንድሮይድ ስክሪን፣ አራት ስፒከር፣ ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር፣ በዚያ ላይ የኋላ ኮፈኔን ሙሉ የያዘ ቤዝ ሸጡልኝ። ሲጨርሱ ቤዙን ለቀቁት፣ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ሞኝ!

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ አልነሳም አለች። ጎረቤቴ ከራሱ ባትሪ በኬብል አገናኝቶ አስነሳልኝ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ እንደዚያው። ይሄ ሳያንስ ፉጨት መጣ። ነዳጅ ስረግጥ ይጨምራል፣ ስለቅ ይቀንሳል። ዜና አንባቢው ጉሮሮ ውስጥ ትንኝ የገባ ነው የሚመስለው። ተመልሼ ስሄድ "መኪናሽ አሮጌ ናት" አሉኝ። ስትሸጡልኝ አሮጌ መሆኗን አላያችሁም ነበር?

ሌላ ጋ ሄድኩ። "ባትሪሽ ነው" ብሎ አዲስ ባትሪ ሸጠልኝ። የድሮውን እዚያው ተውኩለት። አዲሱም በሳምንቱ ሞተ። ሦስተኛው የበሩን ሽፋን ሲፈታ ማያያዣዎቹን ሰባበረና ዝም ብሎ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ወዲህ በሩ ኮብልስቶን ላይ እንደ ባዶ ጀሪካን ይንኳኳል። በጣም ያናደደኝ ግን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ወንድሜን ይዤ ስሄድ የሚያስረዱት ለእሱ ነው። ወንድሜ መንዳት እንኳን አይችልም!

አንድ ቀን ስብሰባ እያለኝ መኪናዋ ጭጭ አለች። መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ራይድ ጠራሁ። እንዲህ ያለ ድምፅ መኪና ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ጥርት፣ ለስለስ ያለ። ሹፌሩን ማን ሠራልህ አልኩት። ጎፋ አካባቢ ያለ አንድ ልጅ ነው አለኝ።

ሱቁ ጠባብ ናት። ሶፋ የለም፣ የሚቀመጡት የተገለበጠ ሳጥን ላይ ነው። ልጁ መኪናዬን ሳይነካ በፊት "ምን ትሰሚያለሽ?" አለኝ። እስከዛሬ ይሄን የጠየቀኝ ሰው የለም። "ወሬ" አልኩት። "ዜና፣ ኳስ፣ ጨዋታ። አባቴ ስለማይሰማ ነው።" ሳቀ። "ታዲያ ይሄ ሁሉ ቤዝ ምን ያደርግልሻል?"

ከዚያ የኋላ ወንበር ላይ ገብቶ ዓይኑን ጨፈነ። "ነዳጅ ስጪ… ልቀቂ… እንደገና ስጪ።" ልክ ሀኪም ማዳመጫውን ጀርባችሁ ላይ አድርጎ "ተንፍሺ" እንደሚለው። ከዚያ ካቻቢቴ አንስቶ ምንጣፉን ገለጠና "ነይ፣ ራስሽ እዪው" አለኝ። አንዲት ቀጭን ሽቦ ናት። ያለቦታዋ ስለተገጠመች አምፕሊፋየሩ ሌሊት አይተኛም፣ ባትሪዬን ሲጠጣ ነው የሚያድረው። በቃ። አምስት ወር ያለቀስኩት በእሷ ነው። ባትሪዬስ? የድሮውም ደህና ነበር ማለት ነው። አይ ሰው!

ለፉጨቱ ደግሞ አንድ ላይ የታሰሩ ሁለት ገመዶችን ለያይቶ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ አሳለፈ። በብሎን የታሰረች ሌላ ሽቦ ፈትቶ፣ ከሥሯ ያለውን ቀለም ብረቱ እስኪያበራ ፍቆ መልሶ አሰራት። ይሄ ፉጨትን እንዴት እንደሚያጠፋ ሁለቴ አስረዳኝ፣ ሁለቴ ራሴን ነቀነቅኩ፣ ምንም አልገባኝም። ነዳጅ ረገጥኩ። ዝም። እንደገና ረገጥኩ። ዝም! ጮህኩ መሰለኝ፣ ከጎን ያለው ጎሚስታ ዞሮ አየኝ።

በሩንም በአዲስ ማያያዣ ገጠመልኝ፣ ከውስጥ ስፖንጅ ነገር ለጠፈበት። ቤዙን ለአንድ ሚኒባስ ልጅ አሽጦ ብሩን በቴሌብር ላከልኝ፣ ሳንቲም አልቆረጠም። የእጁን 1,500 ብር ብቻ ተቀበለኝ። ይሄን ከተማ የሚያውቅ ሰው ያምነኛል? እባካችሁ፣ መኪናችሁ ውስጥ ድምፅ ማሠራት የምትፈልጉ፣ ያብረቀረቀ ሱቅ ሁሉ አይሸውዳችሁ። እዚህ ልጅ ጋ ሂዱ። ሴቶች በተለይ ሂዱ፤ ሰው አድርጎ ነው የሚያስረዳችሁ።

ልሄድ ስል "እሁድ አባትሽን ይዘሽው ነይ" አለኝ። ለምን ስለው ዝም ብለሽ ነይ አለ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሄድን። ሱቁን ለእኛ ብሎ ነው የከፈተው። አባዬን ጋቢናው ላይ እንዳለ በሩን ከፍቶ ሥሩ ቁጢጥ አለ። "አባባ፣ አሁን ይሰማዎታል? አሁንስ?" ስክሪኑን በጣቱ ይነካል፣ ያዳምጣል፣ አባዬን ፊቱን ያየዋል። ወፍራሙን ድምፅ ቀነሰ፣ ቀጭኑን ጨመረ፣ ሌላውን እንጃ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደዚያ ቁጢጥ እንዳለ ቆየ። ብር ስሰጠው አልቀበልም አለ። አባዬ ግን ሳይመርቀው አልሄድም ብሎ ጭንቅላቱን ይዞ መረቀው። እኔ ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

ስንመለስ ሸገርን ከፈትኩ። እንደ ልማዴ ድምፁን ወደ ላይ ሳደርገው አባዬ እጄን ያዘኝ።

"ኧረ ቀንሺው አንቺ ልጅ! ደንቆሮ መሰልኩሽ እንዴ?"

ልጁ "ስሜንና ስልኬን በአደባባይ አትለጥፊብኝ፣ ሰው ከበዛ ሥራዬ ይበላሻል" ስላለኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። እሁድ ግን እንዳትደውሉለት።